ከዙፋኑ በፊት እህሉ

እንዛራ የምትባል ከተማ አለችኝ። ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ ከራሴ ጭንቅላት የወጣች ናት። የአንድ ሰፊ ምናባዊ ግዛት መናገሻ ነች። አውራጃዎች ይገብሩላታል። መርከቦቿ ሁለት ባሕር ያቋርጣሉ። በጦር ያስገበረቻቸው ሕዝቦች ስሟ ሲነሳ ዛሬም ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ሥራ ሲያልቅ ወይም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እሷን እገነባለሁ። አንዳንድ ማታ አንድ ሰፈር ሙሉ ይወጣኛል። አንዳንድ ማታ ደግሞ ስለ አንድ በር ማጠፊያ ሳስብ ይነጋል።

እንዲህ ዓይነት ከተማ የሚፈጥር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ ይጀምራል። አይፈረድበትም። የወርቅ ጉልላት፣ ዘንዶ የተቀረጸበት በር፣ ደረጃው የማያልቅ አዳራሽ፤ ይህን መጻፍ ደስ ይላል። ችግሩ ጥቂት ገጾች እንደሄዱ ይመጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ይቆጣል፣ የጦር አዛዡ ይከዳል፣ ጠንቋዩ ይተነብያል። ከተማዋ ግን ከኋላቸው እንደ ተሰቀለ መጋረጃ ቆማለች። መቶ ሺህ ሰው ይኖርባታል ተብለናል፤ አንዱንም ሲበላ አላየንም።

እኔ እንዛራን ከሆዷ ነው የጀመርኳት። ዙፋኑ ላይ ማን እንደተቀመጠ ሳልወስን እህሏ ከየት እንደሚመጣ ወስኜ ነበር። የትልቅ ግዛት መናገሻ ራሱን መመገብ የማይችል ከተማ ነዋ። ሁሉን ያዛል፤ ራቱን የሚልክለት ግን ሌላ ነው። ኃይሉም ድካሙም አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ጫፍ ከያዝኩ ሌላው ራሱ እየተተረተረ ይመጣል።

ለዚህ ደግሞ እውነተኛው ታሪክ ከማንኛውም ምናብ በላይ ለጋስ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ሮምን እንውሰድ። በደህናው ዘመኗ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርባት እንደነበር ይገመታል። ይህን ሁሉ አፍ የሚሞላ እርሻ በዙሪያዋ አልነበራትም። እህሉ ከግብፅ፣ ከሰሜን አፍሪካና ከሲሲሊ በመርከብ ይመጣል። አውግስጦስ በነበረበት ጊዜ 200,000 ያህል ወንዶች ከመንግሥት ነጻ እህል ይሰፈርላቸው ነበር።

በ51 ዓ.ም. እህል እጥረት ተከሰተ። መጋዘን ውስጥ የቀረው ለ15 ቀን ብቻ የሚበቃ ነበር ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ብሪታንያን የወረረው ሰው። አደባባይ ላይ ሕዝቡ ከበበው። ስድብና የዳቦ ቅርፊት አወረዱበት። ከግብፅ እስከ ብሪታንያ የሚያዘው ሰውዬ በጓሮ በር ሾልኮ ነው ቤተ መንግሥቱ የገባው። እኔ ይህን ትዕይንት ፈጥሬ ብጽፈው "አበዛኸው" የሚለኝ አይጠፋም።

ደስ የሚለኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀላውዴዎስ በክረምት ባሕር ላይ እህል ለሚያመጡ ነጋዴዎች፣ ማዕበል መርከባችሁን ቢያጠፋው ኪሳራው በእኔ ነው አላቸው። አዲስ ወደብ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ሌላ የእህል እጥረት ሲያስጨንቀው ማሠራት ጀምሮ ነበር። የዳቦ ስጋት ወደብ አስገነባ ማለት ነው። ግዛት የሚሠራው እንዲህ ነው። አዋጁን ንጉሥ ያነባል፣ የሚያስነብበው ግን ሆድ ነው።

ስለዚህ እንዛራ የባሕር የቀን መቁጠሪያ አላት። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር ባሕሩ ይዘጋል፤ ለአራት ወር መርከብ አይገባም። የጥንቱ ሜዲትራኒያንም በክረምት እንዲሁ ይዘጋ ነበር። በነዚያ ወራት የከተማዋ ጠባይ ይቀየራል። በመጀመሪያው ወር ሰው ይቀልዳል። በሁለተኛው ወር የመጋዘን ሹማምንት ድንገት ብዙ ወዳጅ ያፈራሉ። በሦስተኛው ወር ሹክሹክታ ይበዛል። ሴራ ያለው ሁሉ ሦስተኛውን ወር ነው የሚጠብቀው። ቤተ መንግሥቱም ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ወር ዘበኛ ያጠናክራል። ይህን አንድ ነገር ከወሰንኩ በኋላ የታሪኬ ግማሽ ራሱን ጻፈ ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደብ ላይ ያለውን ዋና መጋዘን ቀረብ ብዬ ላሳያችሁ። በሩ አጠገብ እህል ሰፋሪው ተቀምጧል። አርጅቷል፤ ጣቶቹ አቧራ ለብሰው ግራጫ ሆነዋል። መስፈሪያው ከእንጨት የተሠራ ነው። አፉ ዙሪያውን በብረት ተጠፍሯል፣ ብረቱ ላይ የመንግሥት ማኅተም አለ። ከአውራጃ የመጣ ግብር ሲቀበል መስፈሪያውን ቆልሎ ይሞላል። እህሉ ጉብ ብሎ በጎን መንጠባጠብ እስኪጀምር ይጠብቃል። "አንድ" ይላል። ጸሐፊው አንድ ብሎ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ለከተማው ሕዝብ ሲያድል ግን ከጎኑ ቀጥ ያለ ዘንግ ያነሳል። አናቱን ጠርጎ ከአፉ እኩል ያደርገዋል። "አንድ" ይላል። ጸሐፊው አሁንም አንድ ብሎ ይጽፋል።

ጉብታው የት ገባ? ማንም አይጠይቅም። መዝገቡ ላይ የገባውና የወጣው እኩል ነው። ሰፋሪው ደግሞ ሌባ አይደለም፤ ከዚያ ትርፍ ለራሱ አንድ ፍሬ አይነካም። ጉብታው የዘበኞች ደመወዝ ነው፣ የቤተ መንግሥት ድግስ ነው፣ የሚቀጥለው ዘመቻ ስንቅ ነው። ብልሃቱ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ቆልሎ ተቀብሎ ጠርጎ መስጠት በብዙ አገር ጌቶች ዘንድ የታወቀ ነበር። እኔ ያደረግሁት ዘንጉን በሰውዬው እጅ ማስያዝ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከአውራጃ የመጣች መበለት ጠዋት ስታስረክብ ታያለች፣ ከሰዓት ዘመዷ ሲቀበል ታያለች። ምንም አትልም። አገሯ ገብታ ግን ትናገራለች። የእንዛራ ትልቁ አመፅ የተነሳው ከዚያች ሴት አፍ ነው።

ሆድ ካለ ቆሻሻ አለ። ስለ ቆሻሻ የሚጽፍ ምናባዊ ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን በጣም የምወደው ክፍል ነው። ሮም ውስጥ ቴስታቾ የሚባል ኮረብታ አለ። ከፍታው 35 ሜትር ገደማ ነው። ሳር በቅሎበታል። ከሩቅ ላየው ተራ ጉብታ ነው። ውስጡ ግን ገል ብቻ ነው፤ የተሰባበረ እንስራ። በአብዛኛው ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ የወይራ ዘይት ጭኖ የመጣ ነው። ዘይት የጠጣ እንስራ እየሸተተ ለሌላ ነገር አይሆንም፤ ስለዚህ ይሰብሩትና በሥርዓት ይደረድሩታል። ሽታውን ለማፈን ኖራ ይነሰንሱበታል። በብዙዎቹ ገሎች ላይ ክብደቱና የላኪው ስም በቀለም ተጽፎ ዛሬም ይነበባል። ቤተ መንግሥቶቹ ፈርሰዋል፤ የዘይቱ ደረሰኝ አለ።

እንዛራም የገል ኮረብታ አላት። ልዩነቱ ሰው ይኖርበታል። ድሆቹ እላዩ ላይ ጎጆ ቀልሰዋል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በገሎቹ መሃል ወርዶ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከታች ያለው የባለጸጎች ሰፈር ጎርፍ ሲያጥበው ኮረብታው ደረቅ ነው። ልጆቹ ገል እየለቀሙ የሩቅ አገር ጽሕፈት ማንበብ ይማራሉ። የግዛቱን አውራጃዎች ሁሉ በስም የሚያውቀው የቤተ መንግሥቱ መምህር አይደለም፤ የኮረብታው ልጅ ነው።

ስለዚሁ ጉዳይ ኤዶን ሳልጠቅስ አላልፍም። ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደነበረባት ይገመታል። እዚያ የሰው ዓይነ ምድር ገንዘብ ነበር። ገበሬዎች ለማዳበሪያ ይገዙታል። የኪራይ ቤት ባለቤቶች የመጸዳጃ ቤቱን ጓዝ እየሸጡ ጥሩ ገቢ ያገኙበታል። ከተማው ይበላል፣ ገጠሩ መልሶ ይወስዳል፣ ደግሞ ያበቅላል። ሲሰሙት ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ከብዙ ቤተ መንግሥት የበለጠ ብልህነት አለበት። አስማት ያለበት ዓለም ፈጥሮ ይህን ያህል እንኳ ያላሰበ ጸሐፊ ስንት አለ!

ስለ አስማት ካነሳን አይቀር። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ነገር አለ፤ አስማት ካለ እህልና ውሃ ምን ያስጨንቃል? አንድ ጠንቋይ እጁን አንስቶ መቶ ሺህ ዳቦ አይሠራም ወይ? ይሥራ እንበል። ያን ጊዜ ጥያቄው ወደ ጠንቋዩ ይዞራል። ማን ይከፍለዋል? ቢታመምስ? ቢያኮርፍስ? ረሃቡ የትም አልሄደም፤ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የገባው። ክንፋም ዘንዶም ያው ነው። ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ መኖ ይበላል፤ እሱም ሳርና ቅጠል በሊታ ሆኖ። ሥጋ የሚበላ፣ ከዝሆን የሚተልቅ፣ የሚበርር አውሬ ሠላሳውን ከከተማ መሃል ማኖር የሚፈልግ ንጉሥ መጀመሪያ ከብት አርቢዎቹን ያስታርቅ። እንዛራ ዘንዶ የላትም። አቅሟ አይፈቅድም።

ያላት የብርሃን ድንጋይ ነው። ማታ ማታ ራሱ ይበራል፤ ሲከርም ይደክማል፣ መቀየር አለበት። የሚወጣው ካስገበረቻቸው አውራጃዎች ከአንዱ ብቻ ነው። ጦርነት ሲነሳ ቤተ መንግሥቱ ዝም ይላል፣ አዋጅ ነጋሪውም ሁሉ ሰላም ነው ይላል። የምዕራቡ ሰፈር መብራት ግን መፍዘዝ ይጀምራል። ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ድንጋዩን እያየ ጦርነቱ የት እንደደረሰ ያሰላል። ወሬ ሊታፈን ይችላል፤ ጨለማን ማፈን አይቻልም።

በሮቿን ያገኘሁት ከባግዳድ ነው። ኸሊፋው አል መንሱር በ762 ሲቆረቁራት ክብ አድርጎ ነው። ፕላኑን በመሬት ላይ በአመድ አስምሮ፣ በመስመሩ ላይ የጥጥ ፍሬና ተቀጣጣይ ዘይት አስደርጎ በእሳት እንዳስለኮሰው ይነገራል፤ ከተማዋን ገና ጡብ ሳይቀመጥ በነበልባል አያት። አራቱ በሮች መንገዱ በሚወስድበት ተሰየሙ፦ የኩራሳን፣ የባስራ፣ የኩፋና የሻም በር። ከመሃል ቆሞ አራቱን አቅጣጫ የሚያይ ሰው ግዛቱን በሙሉ ያየ ያህል ይሰማዋል።

እንዛራ ውስጥ እያንዳንዱ በር ሁለት ስም አለው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የድል ስም ነው። ሕዝቡ የሚጠራው በሚገባበት ነገር ነው፦ የጨው በር፣ የከብት በር፣ የልጆች በር። የመጨረሻው ይከብዳል፤ እሱ ጋ ቆየት ልበል።

ጃፓን ውስጥ ከ1635 ጀምሮ በሕግ የጸና አሠራር ነበር። የየግዛቱ ገዢ አንድ ዓመት ኤዶ ይቀመጣል፣ አንድ ዓመት አገሩ ይመለሳል። ሚስቱና ልጆቹ ግን ኤዶ ይቀራሉ። በመንገድ ኬላዎች ላይ ጠባቂዎች ሁለት ነገር አጥብቀው ይፈትሹ ነበር፦ ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የሚወጣ ሴት። የጦር መሣሪያ ሲገባ አመፅ ነው፤ ሚስት ስትወጣም አመፅ ነው። በአንድ ኬላ ላይ የአንድ መንግሥት ፍርሃት በሙሉ ተሰልፎ ታየዋለህ።

የልጆች በር የሚባለው ለዚህ ነው። የእያንዳንዱ አውራጃ መስፍን የበኩር ልጁን በስድስት ዓመቱ ወደ እንዛራ ይልካል። ስሙ ትምህርት ነው። በእርግጥም ይማራሉ። ይለብሳሉ፣ ይጠግባሉ፣ በወርቅ ሳህን ነው የሚበሉት። ማንም እስረኛ አይላቸውም። በሩን አልፈው መውጣት ሲፈልጉ ብቻ ነው አንድ ዘበኛ በትሕትና ዛሬ አይቻልም የሚላቸው። ሁልጊዜ "ዛሬ" ነው።

ስለነዚህ ልጆች ከሁሉ በላይ ጽፌአለሁ። እርስ በርስ የመሠረቱት ወዳጅነት አስገርሞኛል። አባቶቻቸው በአንድ ሜዳ ላይ ሲተራረዱ የኖሩ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድሩት። የእናታቸውን ቋንቋ ይረሳሉ፤ ሕልም ብቻ ይቀርላቸዋል። ሃያ ሲሞላቸው ሊገዙ ወደ አገራቸው ይላካሉ። ያን ጊዜ ችግሩ ይጀምራል። የአገራቸው ሰው ሲያናግራቸው በአስተርጓሚ ነው። እንዛራ ደግሞ እንደ ባላገር ነበር የምታያቸው። ሁለቱም ጋ እንግዳ ናቸው። የሚግባቡት እርስ በርሳቸው ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ግዛቱ አውራጃዎቹን ለመለያየት የከፈተው ቤት አውራጃዎቹን የሚያስተሳስር መረብ ሠራ። ይህ የመጣልኝ ስለ ልጆቹ ሳስብ እንጂ ስለ ፖለቲካ ሳስብ አልነበረም።

ስለ ሌሊቱ ብዙ አልልም። የቻይናዋ ቻንግአን በታንግ ዘመን ከመቶ በላይ የታጠሩ ሰፈሮች ነበሯት፤ ሲመሽ ከበሮ ይመታል፣ የየሰፈሩ በር ይዘጋል፣ ውጭ የተገኘ ይገረፋል። ሮም በተቃራኒው ሌሊት ነበር የምትንጫጫው። ዩልዮስ ቄሳር የጭነት ጋሪ ቀን ቀን እንዳይገባ ስለከለከለ ጋሪው ሁሉ በጨለማ ይንኳኳል፤ ሰው እንቅልፍ አጣን ብሎ ያማርራል። ለእንዛራ ከቻንግአን ይልቅ የሮም ሌሊት ተስማማኝ። ጸጥ ያለ ሌሊት የሚያምረው ለሴረኛ ብቻ ነው።

ሌላም መፍትሔ እንዳለ ልብ በሉ። የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ መናገሻ ከመያዝ ይልቅ ሺህ በሺህ ሰው ይዘው በድንኳን ይዘዋወሩ ነበር። የአካባቢው እህልና ማገዶ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል። እህሉን ወደ ከተማው ማምጣት ሲከብድ ከተማውን ወደ እህሉ መውሰድ ነው። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁር ድረስ ይህ አሠራር ለረጅም ዘመን ዘልቋል። ለእንዛራ ጠላት ይህን ልስጠው እያልኩ ነው፤ በከበባ የማይያዝ፣ በር የሌለው፣ ጠዋት ሲያዩት የሌለ መንግሥት።

ታዲያ እንዲህ ያለች ከተማ እንዴት ትወድቃለች? ብዙ ጸሐፊ ግንብ ያፈርሳል። የቁስጥንጥንያ ትልቁ የየብስ ግንብ በ413 ተሠርቶ ሺህ ዓመት ገደማ ጠብቋታል። ከተማዋ የሳሳችው ግን ግንቡ ሳይነካ ነው። ፋርሶች ግብፅን በያዙበት ሰሞን፣ በ618፣ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሲታደል የኖረው ነጻ ዳቦ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሕዝቧ ብዛት እየመነመነ ሄደ። ቴኖችቲትላንም ሌላ ምስክር ናት፤ ሐይቅ መሃል የተሠራች የአዝቴኮች መናገሻ። ውሃው ዙሪያዋን ከቧታል፣ አብዛኛው ግን ጨዋማ ነው። የሚጠጣው ከቻፑልቴፔክ ምንጭ በቦይ ይመጣል። በ1521 የስፔኑ ወራሪ የኮርቴስ ሰዎች ከበባውን ሲጀምሩ ያን ቦይ ሰበሩት። በውሃ መሃል ሆና ተጠማች።

የእንዛራም ውሃ ከሩቅ ነው። ቦዩ በአንዲት ድሃ አውራጃ ያልፋል። የዚያ አገር ሰዎች ሲጠርጉት፣ ሲጠግኑት፣ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ አንድ ባልዲ መቅዳት ግን በሕግ ክልክል ነው። የመበለቷ ወሬ የደረሰው እዚያ ነው። መስፍናቸው ደግሞ የልጆች በር ልጅ ነው፤ ከተማዋን ጓዳ ጎድጓዳዋን ያውቃታል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቦዩን እንዲሰብሩት ነበር ያሰብኩት። አሁን ሳስበው አይሰብሩትም። ሰብረው ምን ያተርፋሉ? ጦር ይመጣባቸዋል። ያስከፍሉበታል። ትሑት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ የጥገና ወጪ ስለከበደን በየወሩ ይህን ያህል እህል ይላክልን ይላሉ። ከዚያም አንድ ግርጌ ማስታወሻ፦ እባካችሁ መስፈሪያው የተቆለለ ይሁን።

ቤተ መንግሥቱ ሦስት ቀን ይመክራል፣ ይፎክራል፣ በመጨረሻ ይከፍላል። አሁን እየጻፍኩት ያለሁት የሒሳብ ሹሙን ነው። ክፍያውን መመዝገብ አለበት። መዝገቡን ገልጦ ተቀምጧል፤ ግብር የሚለው ዓምድ ሲዘጋጅ ጀምሮ ገቢ ብቻ ነው ያለው፣ ወጪ የሚጻፍበት ቦታ አልተተወለትም።